በስንደዶ የተለካው ኮምፒውተር

ኮምፒውተር እግር የለውም። ይህን ዛሬ በልበ ሙሉነት እናገራለሁ። በዚያ ክረምት ግን ነገሩን አጥብቆ የሚነግረኝ ሰው አጠገቤ ስላልነበረ እኔ ሆሳዕና ከተማ ስደነግጥ ሰነበትኩ፤ ዳምቦያ ያለች አንዲት ሕፃንም በማታውቀው ማሽን ምክንያት አለቀሰች።

ሚሌኒየሙን አክብረን ጨርሰን መብራት በፈረቃ የገባበት ጊዜ ነው። የእኔ ሥራ ያኔ ግጥም ነበር። ሥራ ስላችሁ ደመወዝ ያለው እንዳይመስላችሁ። «ምን ትሠራለህ?» ሲሉኝ «እጽፋለሁ» እላለሁ፤ «ማመልከቻ ነው?» ይሉኛል። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ ማንም ያላስተማረው ሰው ደግሞ የሚያርመው የለውምና ለሠርግም፣ ለምርቃትም፣ ለእድር ስብሰባም ግጥም ነበረኝ። «አንብብልን» ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። ሁልጊዜ ራሴ ተነስቼ ነው የማነበው። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ተነስቼ ገና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ የሟቹ ወንድም እንባውን ጠርጎ «ይበቃናል ወንድሜ፣ ያለብን ይበቃናል» ብሎኛል።

ቀን ቀን የምውለው ሸረፋ ፎቶ ቤት ነው። ሸረፋ አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው የከፈቱትን ሱቅ ወርሶ ግማሹን ፎቶ ቤት ያደረገ ወዳጄ ነው። በአንዱ በር ስኳርና ሳሙና ይሸጣል፣ በሌላው በር ሠርግ ይቀርጻል፣ የቀረጸውን በኮምፒውተር እየቆረጠና እየቀጠለ በሲዲ ያወጣል። እኔ በአማርኛ መጻፍ ስለምችል የሙሽሮቹን ስም ቪዲዮው ላይ እጽፍለታለሁ። በየሠርጉ የማወጣው ይህንኑ ነበር፤ የሰው ስም። አንድ ገጣሚ የሌላ ሰው ስም ብቻ እየጻፈ እስከ መቼ ይኖራል?

በዚያ ክረምት መጨረሻ እጃችን ላይ የነበረው የዱራሜዋ የማርታ ሠርግ ነው። የማርታ አባት ጋሽ ጳውሎስ ጡረታ የወጡ የጤና ረዳት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ዓይን ሲያክሙ ኖረው መጨረሻ ላይ የራሳቸው ዓይን ከዳቸው። በልጃቸው ሠርግ ቀን አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። አንዱ ዓይን እዚያው ቀረ፤ ሌላው እየደበዘዘ ነው። ሐኪሞቹ «በቀረው ብርሃን ማየት የሚፈልጉትን ይዩበት» ብለው ሸኟቸው። እሳቸውም ሐኪም ቤት የኖሩ ሰው ናቸውና ምን ማለት እንደሆነ ገባቸው። ወደ ሸረፋ ደውለው የተናገሩት አንድ ነገር ነበር። «ልጄ፣ የማርታን ሠርግ ለመስቀል አድርስልኝ።»

ለመስቀል ማለት በእኛ አገር ቀልድ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ያለው ካልሆነ በቀር የትም ያለ ሰው ለመስቀል ቤቱ ይገባል። ማርታም ከነባሏ ትመጣለች፣ ቤተሰቡ ሁሉ ቴሌቪዥኑ ፊት ይሰበሰባል። ያን ቀን ያላዩትን ነገር በሚቀጥለው መስቀል ለማየት ደግሞ ጋሽ ጳውሎስ ዓይን ይኖራቸው አይኖራቸው አምላክ ነው የሚያውቀው።

ሥራው አልቆ ነበር ማለት ይቻላል። እኔ ባልኖር ያልቅ ነበር።

ለማርታ ግጥም ጽፌላታለሁ። እንዲህ ነው የሚጀምረው፦

ፀሐይ ናት ሙሽራዋ፣ ጨረቃ ጎረቤት፤
ዓይኗም አምፖል ነው፣ ፈረቃ የሌለበት።

ሸረፋ አንብቦ «ከታች በኩል ጻፋትና ቀስ ብላ ትለፍ» አለኝ። ከታች የሚያልፍ ግጥም የለም። እኔ ያሰብኩት እያንዳንዱ ስንኝ ከአምባሪቾ ተራራ ጫፍ እንደ ንስር ተነስቶ፣ በአየር ላይ ሁለቴ ተገለባብጦ፣ መጥቶ ማርታ ፊት ላይ እንዲያርፍ ነው። ፕሮግራሙ ይህን ማድረግ እንደሚችል አይቼ ነበር። ኮምፒውተሩ ግን አልቻለም። የመጀመሪያው ስንኝ ከአምባሪቾ ተነስቶ አየር ላይ ሲገለበጥ ስክሪኑ ደርቆ ቀረ። ማርታ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ «ፀሐይ» የሚለው ቃል አፍንጫዋ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከታች በእንግሊዝኛ የማሳያ ካርዳችሁ አይበቃም የሚል መልእክት መጣ። ደነገጥኩ። ግጥሜን ሰው አይሸከማትም ይሉ ነበር፤ ማሽን ሲጨመርበት ነገሩ ከበደኝ።

ሸረፋ የሚያውቀው የመርካቶ ኮምፒውተር ነጋዴ ጋ ደወለ። ሞባይሉን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ስሎቱ ምንድን ነው?» አለ ነጋዴው።

«ስሎቱ?»

«ካርዱ የሚሰካበት ቦታ ነዋ። ኤጂፒ ነው? ፒሲአይ ኤክስፕረስ ነው? እሱን ሳትለዩ ካርድ እንዳትገዙ፤ አንዱ ለሌላው አይገባም። ከፍታችሁ...» ኔትወርኩ ሄደ።

ሸረፋ ወደ እኔ ዞረ። «ሰምተሃል። ለይ።»

ለመለየት እኔ የተሻልኩ ነበርኩ፤ የኮምፒውተር መጽሐፍ ግማሽ አንብቤአለሁ። ሌላው ግማሽ በሸረፋ ሱቅ ስኳር ተጠቅልሎበት ተሽጧል። ስለ ስሎት የሚያወራው ምዕራፍ ከስኳሩ ጋር ሳይሄድ አልቀረም።

የኮምፒውተሩን ጎን ከፈትኩ። ከፍቼ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል፤ ብርድ ልብሱ ሥር በረሮዎች ቤተሰብ መሥርተዋል፤ አንድ ጥግ ላይ እንዴት እንደገባች የማይታወቅ የሽምብራ ፍሬ ለመብቀል እያሰበች ነበር። ሸረፋ በቀለም መቀቢያ ብሩሽ ጠራረገልኝና ስሎቶቹ ታዩ። ነጫጭና ረጃጅም የሆኑት ጎን ለጎን ተሰልፈዋል። አንዲት ቡናማ ደግሞ አጠር ብላ፣ ከኋላው ግድግዳ ራቅ ብላ፣ እንደ እንጀራ ልጅ ለብቻዋ ቆማለች። አሳዘነችኝ እንጂ አልመረጥኳትም። እንዲህ ያለ ግጥም በጠባብ በር አይገባም ብዬ ከነጮቹ አንዱን መረጥኩ።

«የትኛው ዓይነት ነው?» አለ ሸረፋ።

«ረጅሙ።»

«እኔ ስሙን ነው የጠየቅኩህ።»

«ልኩ ካለን ስሙ ምን ያደርግልናል?» አልኩት። ይህን ስናገር ራሴን አደነቅኩ።

እዚህ ላይ የአገሩን ሥርዓት ማስረዳት አለብኝ። ከእኛ አካባቢ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ጫማ ግዛልን ስንል ቁጥር አንነግረውም። ቁጥር እንደየፋብሪካው ይዋሻል፤ እግር አይዋሽም። ስለዚህ ስንደዶ ይመጣና ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ይለካል፤ በልኩ ይቆረጣል፤ ባለቤቱ እንዲታወቅ ጫፉ ላይ ባለ ቀለም ክር ይታሰራል። ገዢው ስንደዶውን ጫማው ውስጥ አስተኝቶ ያያል። ከገባ ገባ። የከተማችን ሰው በዚህ መንገድ ተጫምቶ ትምህርት ቤት ሄዷል፣ ተድሯል፣ ተሹሟል። ለሰው የሠራ ለብረት ለምን አይሠራም?

ስንደዶውን ስሎቱ ላይ አስተኝቼ በጥንቃቄ ቆረጥኩት። ቀይ ክር አሰርኩበት። ይዤው ወደ ጋሽ ዴታሞ ሄድኩ።

ጋሽ ዴታሞ የአይሱዙ ሹፌር ናቸው። ድንች ጭነው አዲስ አበባ ይወጣሉ፣ ሸቀጥ ጭነው ይመለሳሉ፣ ሆሳዕና ካራገፉ በኋላ ወደ ዳምቦያ ይወርዳሉ። የመኪናቸው ኪስ ሲከፈት የሁለቱም ከተማ እግር እዚያ ውስጥ ነው። ስንደዶዬን ተቀብለው በሁለት ጣታቸው ያዙትና አዩት።

«የማን ልጅ ነው?»

«የኮምፒውተር ነው፣ ጋሼ።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«ጋሼ፣ እየቀለዱ ነው?»

«እኔ ምን እቀልዳለሁ፣ ሻጩ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህን ነው።»

አስረዳኋቸው። ካርድ የሚባል ነገር እንደሆነ፣ ኮምፒውተር ቤት እንደሚሸጥ፣ ወርቅማ ጥርሶቹ በዚህ ስንደዶ ልክ መሆን እንዳለባቸው። ሰምተው ሲያበቁ «አንተ ልጅ፣ ግጥሙ ይሻልህ ነበር» አሉና ስንደዶዬን ከእግሮቹ ጋር ጨመሩት። ሸረፋ የነጋዴውን ሱቅ አድራሻ ነገራቸው።

የተመለሱት በጨለመ ሰማይና በጭቃ ቀን ነው። መኪናውን ሳያጠፉ በመስኮት አንድ ጥቅል አቀበሉኝና «የሸረፋ ሰውዬ ዓርብ ስለሆነ ዘግቶ ነበር፤ ከጎረቤቱ ገዛሁ፤ ስንደዶው ልክክ ብሎለታል» ብለው ወደ ዳምቦያ ወረዱ።

ሸረፋ ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በመቀስ ከፈተው። ከውስጡ ሮዝ የሕፃን ጫማ ወጣ። በላዩ ላይ ቢራቢሮ የመሰለ ሪባን አለው።

ሸረፋ ጫማውን አየ፣ ጎኑን ከፍቶ የተቀመጠውን ኮምፒውተር አየ፣ ከዚያ እኔን አየ።

«በል አጫማው» አለኝ።

ነገሩ ገባን። ቀይ ክር ያሰርኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። የጋሽ ዴታሞ መኪና ኪስ ውስጥ ሌላ ቀይ ክር ያለው፣ ሌላ አጭር ስንደዶ ነበረ፤ የአንዲት ሕፃን እግር። ስለዚህ በዚህች ሰዓት ዳምቦያ ውስጥ አንዲት እናት ለልጇ ጫማ ብላ ጥቅል እየፈታች ነው።

በማግስቱ ጫማውን ኪሴ ከትቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱ ሲያነሳን ሲጥለን አንደኛዋ ጫማ ከኪሴ ወጥታ ጎኔ ባሉት አዛውንት ጭን ላይ ወደቀች።

«ታድለህ፣ ለልጅህ ነው?»

«የለም አባባ፣ ለኮምፒውተር ነበር።»

አዛውንቱ ጫማዋን መለሱልኝና፣ ቦታ በሌለበት መኪና ውስጥ ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ ትንሽ ራቅ አሉ።

ዳምቦያ ስደርስ ገበያ ነበር። ለአንዲት ቅቤ ሻጭ «ከጋሽ ዴታሞ መኪና ትናንት ዕቃ የመጣላት፣ ሕፃን ያላት...» ብዬ ሳልጨርስ «ለልጇ ማሽን የተላከላት ናት?» አለችኝ። ገበያው ሁሉ ሰምቷል። ማንም ሳይመራኝ በጣት ብቻ እየተቀባበሉ ቤቱ አደረሱኝ።

እናቲቱ እትዬ አልማዝ ይባላሉ፤ አስተማሪ ናቸው። ሕፃኗን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በሌላው እጃቸው የእኔን ካርድ ይዘዋል። አረንጓዴ ሰሌዳ ነው፤ መሃሉ ላይ ትንሽ ማራገቢያ አለችው። እትዬ አልማዝ ማራገቢያዋን እፍ ሲሉባት ትሽከረከራለች፤ ስትሽከረከር ሕፃኗ ድዷን አሳይታ ትስቃለች። አማታቸው ጥግ ተቀምጠው ካርዱን እንደ እባብ ያዩታል።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ ያ ካርድ የእኔ ነው» አልኩና ጫማዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

እትዬ አልማዝ ጫማውን አዩ፣ ካርዱን አዩ። አስተማሪ ናቸውና ነገሩን ለማጣራት የሕፃኗን እግር ይዘው የካርዱ ወርቅማ ጥርሶች ላይ አስተኙት። ተረከዟ ከአንደኛው ጫፍ፣ አውራ ጣቷ ከሌላው ጫፍ። አልተረፈም፣ አልጎደለም።

እኔ እዚያው ቆሜ ደረቅኩ። አማትየው በከምባትኛ ዝግ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?»

«"የልጄን እግር ልክ ለዚያ ብረት ማን ነገረው?" ነው የሚሉት።»

በስንደዶ እንደሆነ ነገርኳቸው። ጋሽ ዴታሞ በሕፃኗ ስንደዶ ካርድ፣ በኮምፒውተሩ ስንደዶ ጫማ እንደገዙ። እትዬ አልማዝ ጫማውን አንስተው ሕፃኗን ሊያጫሙ ሞከሩ። ጣቶቿ ገቡ፣ ተረከዟ ውጭ ቀረ።

«ይህ በማን እግር ነበር የተለካው?»

«በኮምፒውተራችን።»

«ታዲያ የእናንተ ኮምፒውተር ከልጄ ያንሳል» አሉ።

ካርዱን ስቀበል ሕፃኗ ዳምቦያን አናወጠች። ከዚያ ቤት የወጣሁት በልጅ ለቅሶና በአማት እርግማን መሃል ነው። የተረገምኩት በከምባትኛ ስለነበረ ምን እንደሚደርስብኝ እንኳ ሳላውቅ ተመለስኩ።

የደረሰብኝን ግን ብዙም ሳልቆይ አወቅኩት። በእኛ ሰፈር መብራት የዋለው በደመራ ዋዜማ ነው። ሸረፋ እጁን በደረቱ አጣምሮ ቆሞ፣ እኔ ካርዱን ወደ ነጩ ስሎት አወረድኩ። አልገባም። ርዝመቱ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ ግን ካርዱ ላይ ያለችው ስንጥቅና ስሎቱ ውስጥ ያለችው ጥርስ ተፋጥጠው ቆሙ። እንደ ሁለት ግትር አማቾች አንዳቸውም ዘወር አይሉም።

«አትግፋ» አለ ሸረፋ።

«ጫማም መጀመሪያ ይጠብቃል፤ ሲለመድ ይሰፋል» አልኩና ገፋሁ።

ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ። ካርዱን ቶሎ ብዬ አወጣሁትና ኮምፒውተሩን አበራነው። ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ቀረ። ከሆዱ ግን ድምፅ መጣ፤ ረዘም ያለ፣ የሚቆራረጥ፣ የዳምቦያዋን ሕፃን የሚመስል ጩኸት።

«ግድ የለም» አልኩ፣ «ካሴቱ አለ። ከካሴቱ እንደገና እንሠራዋለን።»

ሸረፋ ቀስ ብሎ የስኳር ጆንያው ላይ ተቀመጠ። «ካሴቱ ላይ ሾኔ ከተማ የተደረገውን ሌላ ሠርግ ቀርጬበታለሁ» አለ።

እስከዚያ ሰዓት ድረስ ደንግጬ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ማርታ በዓለም ላይ የነበረችው በዚያ በሚጮኽ ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው። ያን ጊዜ፣ ሆን ብሎ የጠበቀን ይመስል፣ የሸረፋ ሞባይል ጠራ። ጋሽ ጳውሎስ ናቸው።

«ልጄ፣ ደርሷል አይደል?»

«እ... ደርሷል ጋሼ» አለ ሸረፋ፤ በሌላው እጁ የኮምፒውተሩን አፍ ለመዝጋት ይመስል ጆንያ ጫነበት።

«የማን ልጅ ነው የሚያለቅሰው?»

«የጎረቤት ነው።»

«አይዞህ በሉት። እኔ ለቴሌቪዥኑ ቅርብ የሆነች ወንበር አዘጋጅቻለሁ። ጠጋ ካልኩ አያለሁ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሸረፋ አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የመርካቶውን ነጋዴ ቁጥር ይሞክር ጀመር። ኔትወርኩ ደጋግሞ እምቢ ብሎ በመጨረሻ ገባ።

«ቡናማ ስሎት አለው?» አለ ነጋዴው። «አጠር ያለች፣ ከኋላው ግድግዳ ራቅ ያለች?»

«አለች።»

«እሷ ኤጂፒ ናት፤ መግዛት የነበረባችሁ የእሷን ነው፤ ነጮቹ ለድምፅ ካርድና ለመሳሰለው ናቸው። እጃችሁ ላይ ያለው የፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርድ ይመስለኛል። ያንተ ማሽን ደግሞ እንደምትነግረኝ ከሆነ ለኤክስፕረስ ጭራሽ ቦታ የለውም። ማነው የለየላችሁ?»

«አንድ ገጣሚ አለ።»

«በምን ለየው?»

ሸረፋ አየኝ። «በስንደዶ» አለ።

መስመሩ ላይ ዝምታ ሆነ። ኔትወርኩ የሄደ መስሎን «ሀሎ፣ ሀሎ» አልን። አልሄደም። ሰውየው ትንፋሹን እየሰበሰበ ነበር።

«አሁን ማሽኑ ይጮኻል?»

«ይጮኻል።»

«የሚጮኽ አልሞተም። ስትገፉት ሜሞሪው ተነቃንቆ ይሆናል። ያቺን ቀጭን ሰሌዳ ንቀሉና መልሳችሁ በደንብ ስኩ። እባካችሁ ሳትለኩ።»

ነቀልን፣ ጠረግን፣ መለስን። ሸረፋ «ቢስሚላህ» ብሎ፣ እኔ አማትቤ፣ ማብሪያውን ተጫንነው። አንዴ አጭር ድምፅ አሰማና ዝም አለ። ስክሪኑ በራ። ማርታ፣ ከነቬሏ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና እንደነበረች ተመለሰች። «ፀሐይ» የሚለው ቃል አፍንጫዋ ላይ አልነበረም።

መብራቱ ሊሄድ ብዙ አልቀረውም። ሸረፋ ሥራውን ባለበት ወደ ሲዲ ለማውጣት እጁን ዘርግቶ ቆመ። «ግጥምህስ?» አለኝ። እየቀለደብኝ መስሎኝ ፊቱን አየሁት፤ አልነበረም። ከታች በኩል ቀስ ብላ እንድታልፍ እንኳ ጊዜ አልነበረንም።

«ትቅር» አልኩ። ሲዲው ወጥቶ እጃችን ሲገባ አምፖሉ ጠፋ።

ለመስቀል ዱራሜ ሄድን። ጋሽ ጳውሎስ ቤት መግቢያ የለውም፤ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ አማች፣ ጎረቤት ሞልቶታል። ለእኔ ክትፎ፣ ሥጋቸውን ለማይበላው ለሸረፋ ደግሞ ከቡላ የተሠራ፣ ቅቤ የጠገበ አተካና ቀረበ። ወንበሯ እውነትም ቴሌቪዥኑ ፊት ነበረች፤ እንዲያውም ጋሽ ጳውሎስ ሲቀመጡ ጉልበታቸው መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። በደህናው ዓይናቸው ለማየት አንገታቸውን ሰበር አድርገው ጠበቁ።

መኪኖቹ አለፉ። ቤተ ክርስቲያኑ አለፈ። ዘፈኑ አለፈ። ሰው ይስቃል፣ «ያቺ እኔ ነኝ» ይባባላል፤ እሳቸው አንገታቸውን እንደሰበሩ ይጠብቃሉ። ከዚያ አምባሪቾ መጣ፤ ከአምባሪቾ ቀጥሎ የማርታ ፊት ስክሪኑን ሞልቶ ወጣ። ስንኞቼ ሁለቴ ተገለባብጠው የሚያርፉባት ቦታ ናት። የያዝኩትን ክትፎ መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ።

ጋሽ ጳውሎስ እጃቸውን አነሱ። «እዚህ ላይ አቁሙልኝ።»

ቆመ። ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ አገጯን፣ እንደ በሽተኛ መረመሯት። ማርታ ከጀርባቸው ቆማ ትከሻቸውን ይዛለች። ያየኋት ጊዜ ዘወር አልኩ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ በመጨረሻ። «ምንም አልጻፋችሁበትም። በወንድሜ ልጅ ሠርግ ፊቷ ላይ ጽሑፍ ሲበር እሷን ሳላይ ቀረሁ። ፊደሉንም አላነበብኩ፣ ልጅቷንም አላየሁ። ይህችን ፊት ንጹሕ አድርጎ የተወልኝ ማነው?»

ሸረፋ አፉ አተካና ሞልቶ ስለነበር በጣቱ ብቻ ጠቆመኝ። ዋጠና ጨመረበት። «እሱ ነው ጋሼ። ለዚህ ያልሆነው የለም። ዳምቦያ ድረስ ሄዷል።»

ቤተሰቡ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጋሽ ጳውሎስ እጃቸውን ዘርግተው በአየር ላይ ፈለጉኝ፤ ቀርቤ ጎንበስ አልኩላቸው። ራሴን ይዘው ረጅም ምርቃት መረቁኝ። የአማትየውን እርግማን ሳይሽርልኝ አልቀረም።

«ገጣሚ ነህ አሉኝ» አሉ ምርቃቱን ሲጨርሱ። «እስቲ ለልጄ የጻፍከው ካለ አንብብልን።»

አንብብልን ያሉኝ የመጀመሪያው ሰው ናቸው። ወረቀቷ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበረች፤ እጄም ገብታ ይዛታለች። ቀና ስል ዓይናቸው ከእኔ ላይ ተነስቶ ወደ ስክሪኑ ተመልሷል። እዚያ ማርታ እንደቆመች ናት።

«ገና አላለቀም ጋሼ» አልኩና እጄን ባዶውን አወጣሁት።

በዚያ ክረምት ብዙ ነገር አስደንግጦኛል፤ በረሮው፣ ጫማው፣ የሕፃኗ እግር፣ የሾኔው ካሴት። ሸረፋ ግን እስከ ዛሬ እንዲህ ይላል፤ እሱን የምር ያስደነገጠው ያቺ ሰዓት ናት። አተካናውን አስቀምጦ ግንባሬን በእጁ ዳብሶ ትኩሳት ይኖረኝ እንደሆነ አየ።